በኢሚግሬሽን ማቆያ የተያዙ ልጆች፦ «የመጨረሻ አማራጭ» የሚለው ቃል ማንን ይጠብቃል?

ጥያቄ፦ የሰነድ ተርጓሚ፣ ስታዲየም አካባቢ

ሰላም ለሁላችሁም። ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ስታዲየም አካባቢ በሚገኝ አንድ የትርጉም ቤት ውስጥ እሠራለሁ። የልደት፣ የጋብቻ፣ የትምህርትና የፍርድ ቤት ሰነዶች በየቀኑ በእጄ ያልፋሉ፤ ባለፈው ሳምንት የመጣው አንድ ወረቀት ግን ከሐሳቤ አልወጣ ስላለኝ፣ ሕጉንና ሥራውን የምታውቁ ሰዎች ብታስረዱኝ ብዬ ወደዚህ አመጣሁት።

ከወሎ ገጠር የመጡ አንዲት እናት በፌስታል ሁለት ጊዜ የተጠቀለለ የክርስትና ካርድ ይዘው መጡ። ልጃቸው በደላላ ተታልሎ ከአገር ከወጣ ሰባተኛ ወሩን ይዟል። ከአራት ወር በፊት ያለ ሰነድ ድንበር ሲሻገር ተይዞ አሁን ከአዋቂ ወንዶች ጋር በኢሚግሬሽን ማቆያ ውስጥ ይገኛል። ጉዳዩ ገና ስላላለቀ የአገሩን ስም አልጠቅስም። ልጁ መቼ እንደተወለደ ሲጠየቅ «በ2001» ብሎ መለሰ፤ መዝጋቢውም የሰማውን ቁጥር እንዳለ በቅጹ ላይ አሰፈረው። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 2001 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ አሥራ ስድስት ዓመት ከጥቂት ወር ሆኖታል፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ሲነበብ ግን የሃያ አራት ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ተመዘገበ። እናቲቱ ይህን ያወቁት አብሮት ተይዞ የነበረ የሰፈሩ ልጅ ተመልሶ የቅጹን ፎቶ በስልኩ ስላሳያቸው ነው። ፎቶውን እኔም አይቼዋለሁ። በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ አራት አኃዝ ነው።

ካርዱ ላይ ያለው ቀን ሐምሌ 21 ቀን 2001 ሲሆን፣ ይህም ልጁ ክርስትና የተነሣበት ዕለት ነው። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ስለሚነሣ ወደ ኋላ ሲቆጠር የልደቱ ቀን ሰኔ 12 ላይ ያርፋል፤ እናቱም «በሰኔ ሚካኤል ዕለት ነው የወለድሁት» ብለው ሳልጠይቃቸው ነግረውኛል። ለእኔና ለእናንተ ይህ በቂ ማስረጃ ነው። የአርባ ቀንን ነገር ለማያውቅ፣ ዓመቱ አሥራ ሦስት ወር እንዳለው ሰምቶ ለማያውቅ የውጭ አገር ሠራተኛ ግን ምን ሊነግረው እንደሚችል አላውቅም።

ስለዚህ የምጠይቀው፣ አንድ ልጅ ወረቀት ስለሌለው ብቻ እንዲታሰር ዓለም አቀፍ ሕግ ይፈቅዳል ወይ? ዕድሜውን የማስረዳት ሸክምስ በማን ላይ ነው? ይህን አሠራር ትተው ልጆቹን በሌላ መንገድ የሚይዙ አገሮች ካሉ ምን አደረጉ? እናቲቱ ሲወጡ «ሕግ የለም እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ፤ እኔም የማላውቀውን አለ ብዬ ልመልስላቸው አልደፈርሁም።


መልስ፦ ጠበቃ፣ ልደታ

የተከበሩ ጠያቂ፣ ለእናቲቱ ሕግ እንዳለ ሊነግሯቸው ይችላሉ። አስቸጋሪው ነገር በሕጉ ውስጥ ያለች አንዲት ሐረግ የምትነበብበት መንገድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 37 ማንኛውም ልጅ በሕገ ወጥ ወይም በዘፈቀደ መንገድ ነፃነቱን እንዳያጣ ይደነግጋል፤ መያዝ ካለበትም እንደ መጨረሻ አማራጭ ብቻና ለሚቻለው አጭር ጊዜ እንዲሆን ያዝዛል። ኢትዮጵያ ኮንቬንሽኑን የተቀበለችው በ1991 ነው። አሜሪካ ግን በ1995 ፈርማ እስካሁን አላጸደቀችም። «የመጨረሻ አማራጭ» የሚለው መለኪያ ወንጀል ፈጽሟል ተብሎ ለተጠረጠረ ልጅ ትርጉም አለው፤ ብዙ መንግሥታት ግን ይህንኑ ቃል አንሥተው ወረቀት ብቻ የጎደለው ልጅ ላይ አኖሩት። በዚህ ምክንያት የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴና የስደተኛ ሠራተኞች ኮሚቴ በ2017 በጋራ ባወጡት ማብራሪያ፣ ይህ መለኪያ በኢሚግሬሽን ጉዳይ እንደማይሠራ፣ ልጅን በራሱ ወይም በወላጁ የመኖሪያ ፈቃድ ሁኔታ ምክንያት ማሰር ጨርሶ መከልከል እንዳለበት በግልጽ ጽፈዋል። የኮሚቴዎች ማብራሪያ እንደ ስምምነቱ አንቀጽ በቀጥታ አያስገድድም። ነገር ግን ስምምነቱን የመተርጎም ሥልጣን ያላቸው አካላት ቃል ስለሆነ በብዙ ፍርድ ቤቶች ፊት ክብደት አለው። በ2018 በማራካሽ የጸደቀው የፍልሰት ኮምፓክት የተባለው የመንግሥታት የጋራ ሰነድም አገሮች ይህን አሠራር ለማስቀረት እንዲሠሩ ቃል ያስገባል። በ2019 ለተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበው ጥናት ደግሞ ከፍልሰት ጋር በተያያዘ በየዓመቱ ቢያንስ 330,000 ልጆች እንደሚታሰሩ ገምቷል።

አሁን ወደ ሐረጓ ልመለስ፤ ምክንያቱም የእኔ ጠንካራ እምነት ይህ ነው፦ የሰዓት ገደብና የተዘጋጀ ሌላ መኖሪያ የሌለው «የመጨረሻ አማራጭ» በተግባር የመጀመሪያ አማራጭ ይሆናል። አውስትራሊያን እንመልከት። በ1992 ያለ ቪዛ የገባ ሁሉ በግዴታ እንዲያዝ የሚያደርግ ሕግ አወጣች። ከብዙ ክርክር በኋላ በ2005 ልጆች እንደ መጨረሻ አማራጭ ብቻ ይያዙ የሚል አንቀጽ ጨመረች። አንቀጹ በሕጉ ውስጥ እንዳለ፣ በ2013 አጋማሽ በማቆያ የነበሩት ልጆች ወደ 2,000 ይጠጉ ነበር። የአገሪቱ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በቀጣዩ ዓመት ባካሄደው ምርመራ፣ ከተያዙት ልጆች ሲሶ ያህሉ ሐኪም የሚያስፈልገው ከባድ የአእምሮ ጤና ችግር እንደነበረባቸው አረጋገጠ። በወረቀት ላይ የነበረው ቃል አንድም በር አልከፈተላቸውም።

ብሪታንያ በበኩሏ በ2014 ሕጓ ሰዓቱን ራሱን ጻፈችው። ብቻውን የተገኘ ልጅ ከ24 ሰዓት በላይ እንዳይያዝ፣ ቤተሰብ ከመመለሱ በፊት በተለየ ቤት ከ72 ሰዓት፣ በሚኒስትር ፈቃድ ደግሞ ቢበዛ ከሰባት ቀን በላይ እንዳይቆይ ወሰነች። ፍጹም አይደለም፤ በ2023 የወጣ ሌላ ሕግም ይህን የሚያላላ ሥልጣን ሰጥቶ ነበር። ሆኖም ሰዓት ሲጻፍ ጠባቂው ሰዓቱን ያያል፣ ጠበቃም የሚቆጥረው ነገር ያገኛል። በአሜሪካ የልጆች አያያዝ የሚመራበት የፍሎሬስ ስምምነት በ1997 የተፈረመው፣ በ1985 የተያዘች አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት የኤል ሳልቫዶር ልጅ ጉዳይ ለዓመታት ከተሟገተ በኋላ ነው። ልጆች ከ20 ቀን በላይ እንዳይያዙ የሚለው ገደብ የመጣውም ከዚያ ስምምነት ጋር በተያያዘ በ2015 ከተሰጠ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። ሜክሲኮ በ2020 ሕጓን አሻሽላ ልጆችን በኢሚግሬሽን ማቆያ ማስቀመጥን ከለከለች። ፈረንሳይም በ2024 ተመሳሳይ እርምጃ ወስዳለች፤ በሕንድ ውቅያኖስ ባለችው ግዛቷ በማዮት ላይ ግን ተፈጻሚነቱን አዘገየችው።

አንድ ፍርድ በተለይ ልጥቀስ። በ2002 ያለ ወላጅ ከአጎቷ ጋር ብራስልስ የደረሰች የአምስት ዓመት ኮንጎአዊት ልጅ፣ ካናዳ ወደምትኖር እናቷ ልትሄድ ስትል ተይዛ፣ ለአዋቂዎች በተዘጋጀ ማቆያ ውስጥ ሁለት ወር ያህል ቆየች። በኋላም ወላጅ ሳይኖር ወደ ኪንሻሳ በአውሮፕላን ተላከች፤ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የጠበቃት ዘመድ አልነበረም። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2006 ቤልጅየም ኢሰብዓዊ አያያዝ እንደፈጸመች ወሰነ። ፍርዱን ለተማሪዎቼ ሳነብ ሁልጊዜ የምቆመው አየር ማረፊያው ላይ ነው።

ስለ ዕድሜ የጠየቁት ዋናው ነገር ነው። የኮሚቴዎቹ አቋም ጥርጣሬ ካለ ለልጁ ይፈረድ፣ አዋቂ መሆኑ እስኪረጋገጥ እንደ ልጅ ይያዝ የሚል ነው። ብዙ አገሮች የሚመኩበት የእጅ አንጓ ራጅ፣ የሚነጻጸርበት የአጥንት ሥዕል ከ1930ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካዋ ክሊቭላንድ ከተማ ከኖሩ፣ ጥሩ ኑሮ ከነበራቸው ልጆች የተሰበሰበ ነው። ስሕተቱም ሁለት ዓመት ሊደርስ ይችላል። ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሁለት ዓመት ማለት ከልጆች ክፍል ወደ አዋቂዎች እስር ቤት የሚያሻግር ርቀት ነው። የእርስዎ ጉዳይ ግን ራጅ እንኳ የሚያስፈልገው አይደለም፤ የዘመን አቆጣጠር ስሕተት ስለሆነ በአንድ በተረጋገጠ ሰነድ ሊታረም ይገባል።

በአገራችንም ቢሆን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 የልጁ ጥቅም በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዝዛል፤ በአንቀጽ 9 ደግሞ ያጸደቅናቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር የጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ ሐምሌ 1990 እ.ኤ.አ. መሆኑም መረሳት የለበትም። አንቀጽ 23 ጥገኝነት ለሚፈልግ ልጅ፣ ከወላጅ ጋር ይሁን ብቻውን፣ ጥበቃ እንዲደረግለትና ወላጆቹ እንዲፈለጉለት ያስገድዳል። በአፍሪካም በ2004 የፕሪቶሪያ ፍርድ ቤት፣ ብቻቸውን የመጡ የውጭ አገር ልጆችን በሊንዴላ ማቆያ ከአዋቂዎች ጋር መያዝ ሕገ ወጥ ነው ሲል ወስኗል። ልጁ ያለበት አገር አፍሪካዊ ከሆነ ይህን ፍርድ ለጠበቃው ያስተላልፉለት።


መልስ፦ በድንበር ጥበቃ ያገለገለ፣ ሜክሲኮ አደባባይ

የሕግ ባለሙያዋ የጻፉትን በአክብሮት አንብቤዋለሁ። እኔ ግን ለብዙ ዓመታት በድንበር ጣቢያ ስለሠራሁ ያየሁትን መናገር ይኖርብኛል። ደላሎች የሕጉን ቀዳዳ ከእኛ በፊት ያውቁታል። የሃያ ሁለት ዓመት ጎልማሳን «አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው በል» ብለው መንገድ ላይ ሲያስጠኑት ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለውን ሰው ከእውነተኛ ልጆች ጋር ማሳደር ደግሞ ሌላ አደጋ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ሌላ ነገር ነበር። ልጆቹን ከማቆያ ለቀን ወደ ማረፊያ ቤት ስንልካቸው፣ ጠዋት ግማሾቹ አይገኙም ነበር። ደላላው በር ላይ ይጠብቃል፤ ቤተሰባቸው ዕዳ አለበትና ይከተሉታል። ያን ጊዜ «ቢያዙ ይሻላቸው ነበር» ብዬ አስቤአለሁ። አሁንም ጥያቄዬ ይህ ነው፦ በሩን ከፈታችሁለት በኋላ ልጁን ከደላላው የሚጠብቀው ማነው?


መልስ፦ ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ አራት ኪሎ

ለወንድማችን ጥያቄ ከሥራዬ ልመልስ። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ዜጎቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለሱ በመቀበሉ ሥራ ላይ ነበርሁ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ 100,000 ያህል ሰዎችን ለመመለስ ስምምነት ላይ ሲደረስ እንደገና ተሠማራሁ። በአውሮፕላን ከሚወርዱት መካከል በማቆያ የወለዱ እናቶች ነበሩ፤ ወላጅ ሳይኖራቸው ብቻቸውን የተመለሱ ታዳጊዎችም ነበሩ።

አንድ ልጅ አልረሳም። አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። በመቆያ ቤታችን ውስጥ በሮቹ ሁሉ ክፍት ነበሩ፤ እርሱ ግን ለሽንት ሲሄድም፣ ለምግብ ሲጠራም፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ «ልውጣ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። አዎን ካላልነው አይንቀሳቀስም። ሌሊት ጫማውን ሳያወልቅ ይተኛል፤ ስንጠይቀው ቀስቅሰው ሲቆጥሩን በባዶ እግራችን ውጭ ያቆሙን ነበር አለን። ከአምስት ወር በላይ በማቆያ ቆይቶ ነበር። ጫማውን አውልቆ እንዲተኛ ለማድረግ ሦስት ሳምንት ወስዶብናል፤ ለመውጣት ፈቃድ መጠየቁን እስከተለየን ቀን ድረስ አልተወም።

ልጁን ከደላላ የሚጠብቀው ምንድን ነው ለተባለው፣ ልምዴ የሚነግረኝ አንድ የሚያምነው ሰው መኖሩ ነው። ከማረፊያ የሚጠፋ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ነገ ምን እንደሚደረግበት ያልተነገረው፣ ቤቱ ደውሎ የእናቱን ድምፅ ያልሰማ ልጅ ነው። በመጀመሪያው ቀን ስልክ የተሰጠው፣ ቋንቋውን የሚናገር ሞግዚት የተመደበለትና ስለ ዕዳው በግልጽ ያነጋገርነው ልጅ የመቆየት ዕድሉ በጣም ሰፊ ነው። ሁሉም ይቆያሉ አልልም።

ይህን አሠራር ለመማር ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው ጋምቤላ ከገቡት መካከል በብዙ ሺህ የሚቆጠሩት ወላጅ የሌላቸው ወይም ከወላጅ የተለያዩ ልጆች ናቸው። በኩሌና በትየርኪዲ ጣቢያዎች ልጆቹ በዘመድ ወይም በአደራ ቤተሰብ ውስጥ እንዲኖሩ ይደረጋል፤ ሠራተኛ በየጊዜው ቤቱን ይጎበኛል፣ ልጁንም ለብቻው ያነጋግረዋል። የአደራ እናቶቹ ራሳቸው ስደተኞች ናቸው፤ የሚሰጣቸው ራሽን የተቆጠረ ነው፤ ሠራተኛውም ከጉዳዩ ብዛት አንጻር ትንሽ ነው። ጉድለቱን ስለማውቀው አላስጌጠውም። ነገር ግን በዚህ ድህነታችን ልጆቹን ያለ ቁልፍ መያዝ ከቻልን፣ ከእኛ ብዙ እጥፍ ሀብት ያለው መንግሥት «ሌላ የማኖሪያ ቦታ የለኝም» ሲል ልቀበለው አልችልም።

ለጠያቂው አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ከቢሮዎ ብዙም በማይርቀው በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተለያዩ ቤተሰቦችን የማገናኘት አገልግሎት አለ፤ ክፍያ የለውም። እናታችን የልጁን ሙሉ ስም፣ የአባቱንና የአያቱን ስም፣ የቀበሌያቸውንም ስም ይዘው ይሂዱ። ወደ ኤምባሲያችን ከመደወላቸው በፊት ግን ልጁ ጥገኝነት ጠይቆ እንደሆነ ይጣራ፤ ጠይቆ ከሆነ እርሱን ወይም ጠበቃውን ሳያማክሩ ለማንም መንግሥት መረጃ አይስጡ።


መልስ፦ ጠበቃ፣ ልደታ

ለድንበር ጥበቃው ወንድማችን አንድ ነገር ልበል። ያዩት እውነት ነው፤ ዕድሜውን የሚዋሽ ጎልማሳ አለ። ነገር ግን ሁለቱ ስሕተቶች አይስተካከሉም። ጎልማሳን ለጥቂት ቀናት በክትትል ሥር ልጆች ከሚኖሩበት ቤት በተለየ ክፍል ማቆየት ሲጣራ የሚታረም ስሕተት ነው። ልጅን ከማያውቃቸው አዋቂ ወንዶች ጋር ቆልፎ ማሳደር ግን በአንዲት ሌሊት የማይመለስ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ሕግ የሚጠይቀን ጉዳቱ የሚቀለውን ስሕተት እንድንመርጥ ነው።

«ልጁ ከወላጁ ከሚነጠል አብሮ ይታሰር» የሚለው ክርክርም እዚህ ላይ ይነሣል። አሜሪካ በ2018 ጸደይ ድንበር ያቋረጡ ወላጆችን ሁሉ በወንጀል ለመክሰስ ስትወስን ልጆቻቸውን ነጥላ ሌላ ቦታ ላከች። ከ2017 ጀምሮ በነበሩት ዓመታት የተነጠሉት ከ5,000 በላይ እንደሆኑ ታውቋል። ሰኔ 2018 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት እንዲመለሱ ሲያዝዝ፣ የትኛው ልጅ የማን እንደሆነ በሚገባ ያልተመዘገበላቸው ነበሩ። ከዚያም መንግሥት መፍትሔው ቤተሰቡን በአንድነት ማሰር ነው አለ። ሁለቱም አንድ ቁልፍ ናቸው። ኮሚቴዎቹ በ2017 የጻፉት ቤተሰብ እንዳይለያይ ከተፈለገ የልጁ ነፃነት ለወላጆቹም ይድረስ፣ ለመላው ቤተሰብ ማቆያ ያልሆነ መኖሪያ ይፈለግ የሚል ነው።


መልስ፦ የሰነድ ተርጓሚ፣ ስታዲየም አካባቢ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከድንበር ጥበቃው ወንድማችን ጭምር ብዙ ተምሬአለሁ።

ትናንት ማታ ትርጉሙን እንደገና ሠራሁት። ተርጓሚ በሰነዱ ላይ የሌለ ቃል መጨመር ስለማይፈቀድለት የካርዱን ጽሑፍ እንዳለ ተረጎምሁና፣ ከታች ለይቼ በፊርማዬና በማኅተም የተረጋገጠ ማስታወሻ አያያዝሁ። ማስታወሻው የሚለው ይህን ነው፦ በዚህ ሰነድ ላይ ያሉት ቀናት በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ ሐምሌ 21 ቀን 2001 በአውሮፓ አቆጣጠር ጁላይ 28 ቀን 2009 ነው፤ በቤተ ክርስቲያኒቱ ሥርዓት ወንድ ልጅ በአርባኛ ቀኑ ስለሚጠመቅ የልደቱ ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ጁን 19 ቀን 2009 አካባቢ ይሆናል። የልደት ምዝገባ በአገራችን በአዲሱ ሕግ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ስለሆነ፣ ልጁ ሲወለድ የልደት ምስክር ወረቀት ያልወሰደበትን ምክንያትም በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍሁ። ዘግይቶ ምዝገባ ለማድረግ የልጁ አባት በወረዳቸው ጀምረዋል።

እናቲቱ ዛሬ ጠዋት መጥተው አነበብሁላቸው። ቁጥሮቹ ላይ ስደርስ አስቆሙኝና፣ የሰኔ ሚካኤል የሚለው ስም ይጻፍልኝ አሉ። ጻፍሁላቸው። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ቀይ መስቀል ማኅበሩ በር ላይ ተቀጣጥረናል፤ የሚሰጡንን መልስ እዚሁ አሳውቃችኋለሁ።